ሩሩ የወደቀበት

ቋ!

ድምፁ የመጣው ከባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። ደረቅ ነበር፤ አጭር ነበር፤ አልተደገመም። ዋና ሳጅን ፈንታነሽ ጀርባዋን ለዛፎቹ ሰጥታ፣ ሕዝቡ ወደ ሜዳው እንዳይገባ እያገደች ስለነበር ምንም አላየችም።

«በገና ቀን እንጨት የሚፈልጠው ደግሞ የማነው ጉደኛ!» አለች በሆዷ።

ዞር ብላ ልታይ ነበር። አልሆነላትም። ሜዳው በጩኸት ተናጋ።

ዘመነ ሩሩን አግኝቶታል።

ገና ሲመጣ ቢቸና ላይ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንዶች ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው፣ ከወይራ ጉጥ የተጠረበች ድቡልቡል እንጨት ሲያሳድዱ ይውላሉ። ድቡልቡሏ ሩር ትባላለች። ዘመነ የታች ሰፈር መቺ ነው። የብረት በር በያጅ ነውና ክንዱ ሌላ ነው። ዱላውን ከትከሻው ኋላ አዙሮ ለቀቀው። ሩሩ ከሰው ራስ በላይ ተነሣ። ወደ ባሕር ዛፉ አቅጣጫ ሄደ። አቧራውና ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ዋጡት።

የት እንደወደቀ ያየ የለም። ሊፈልገው የሄደም የለም። ጨዋታው ግሎ ስለነበር ሌላ ሩር ተጣለ፤ ትርምሱ ቀጠለ።

«ባሕር ዛፉን አሻገረው!» አለ አንዱ።

«የሞጣው ማሽንስ መቶ ስድሳ ሜትር ብሎት አልነበር!» አለ ሌላው።

የታች ሰፈር አሸነፈ። ልጆቹ አሠልጣኛቸውን መምህር የኔሰውን በትከሻቸው ሊሸከሙት ፈለጉት። አጡት።

ሲያገኙት ባሕር ዛፉ መሃል ነበር። ከሜዳው ጠርዝ ካለው ቦይ በጣም ርቆ፣ ደረቅ ቅጠል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። የጆሮ ግንዱ ሰርጉዷል። ከራሱ አጠገብ ደም የነካው ሩር ቁጭ ብሏል።

ዘመነ ሰው እየገፋ ደረሰ። አየ። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«ጋሼ!»

የኔሰው ለእሱ አሠልጣኝ ብቻ አልነበረም። የእጮኛው የብሩክታይት ታላቅ ወንድም ነው። እናት አባት ሲሞቱባት ያሳደጋት እሱ ነው። የጥርን ሠርግ የቆረጠላቸውም እሱ ነው።

ዘመነን ማንም አልያዘውም። ራሱ ጣቢያ ድረስ መጣ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እትዬ ፈንታነሽ። እሰሪኝ» አለ።

* * *

በዚያ አገር በገና ሜዳ የተመታ ሰው አይከስም። ጥርስ ይወልቃል፤ ቅልጥም ይሰበራል፤ በማግስቱ መቺውና ተመቺው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሞት ሲመጣ ግን ሽማግሌ ይገባል። መምሬ ገላው ነጠላቸውን አጣፍተው ጣቢያ የመጡት ለዚሁ ነበር።

«በቃ ልጄ፣ ይሄ ነፍስ ግድያ አይደለም። የጨዋታ አደጋ ነው» አሉ። «ከጥምቀት በፊት ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብ እግር ላይ ይወድቃል። ደሙን እናደርቃለን። እናንተም መዝገባችሁን ዝጉ።»

«ሠርጉስ መምሬ?»

«የምን ሠርግ?»

«የዘመነና የብሩክታይት።»

መምሬ ገላው መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የወንድሟን ደም ያፈሰሰ እጅ ይዛ ልትቆርብ ነው? አንቺ ደግሞ!»

ፈንታነሽ አሰበችው። ዘመነ ያቺን ድንጋይ የተሸከመ ቀን ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ነፃ ይወጣል፤ ግን ዕድሜ ልኩን «የእጮኛውን ወንድም የገደለው» ተብሎ ይኖራል። ብሩክታይትን አያገባም። የሰው ፊትም ቀና ብሎ አያይም።

አለቃዋ ኮማንደሩ በበኩሉ መዝገቡን ለመዝጋት ቸኩሏል።

«ሐኪሙ የመታው ድቡልቡልና ጠንካራ ነገር ነው ብሏል። ሩሩ ተገኝቷል። መቺው አምኗል። አንቺ ምን ቀረሽ?»

«ርቀቱ።»

«ርቀቱን ማሽን ለክቶታል እኮ፣ ፈንታነሽ!»

ማሽኑ ያለው ሞጣ ነው። ባለቤቱ እዮብ ይባላል። አረብ አገር የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጭድ ኖሮ የተመለሰ የሞጣ ልጅ ነው። ሌላው ከስደት ሲመለስ ወርቅ ወይም መኪና ይዞ ይመጣል። እዮብ ይዞ የመጣው አንድ ጥቁር ሣጥን፣ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ሰፊ ነጭ ሸራ ነው። ሰው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ኳስ በዱላ ይመታል። ኳሷ ሸራው ላይ ታርፋለች። ሸራው ላይ ግን አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቶ፣ ኳሷ በሰማይ ስትበርና ስታርፍ ይታያል፤ የሄደችበት ርቀት በቁጥር ይወጣል። ጎልፍ ተጫዋቾች ዱላ ከመግዛታቸው በፊት የሚፈትሹት በእንዲህ ያለ ማሽን ነው አሉ። ሞጣ ላይ ጎልፍ የሚጫወት የለም። ስለዚህ እዮብ የገና ዱላ ይፈትሽበት ጀመር።

ነገሩ ተወደደ። ጎረምሳው ከቢቸናም፣ ከጉንደ ወይን ከተማም ዱላውን ታቅፎ ሞጣ መጉረፍ ያዘ። ለባህል ስፖርት ውድድር ተጫዋች የሚመርጡት ሰዎች ሳይቀሩ «በማሽኑ ቁጥር እንምረጥ» ማለት ጀምረው ነበር። የኔሰውም ልጆቹን ወስዷቸው ነበር። ዘመነ ሲመታ ሸራው መቶ ስድሳ ሜትር አለ።

ዘመነ ከቆመበት እስከ ሬሳው ሲለካ፣ መቶ ስድሳ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው።

«ይኸው!» አለ ኮማንደሩ።

ፈንታነሽን የከነከናት ግን ያው ርቀቱ ነበር። ጉንደ ወይን ላይ ልጅ ሳለች ሴት ገና አትጫወትም። ሩር ሲጠፋ ሮጠው የሚያመጡት ግን ሴቶቹ ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን ስትሮጥ ሩር ያገኘችው ሣር ውስጥ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጫካ መሃል አግኝታ አታውቅም።

* * *

ዘመነ ከእስር ክፍሉ ጥግ ተኮራምቶ ነበር። መዳፉ ላይ ቀጭን ቀለበት አለ። ብሩክታይት በሰው እጅ የመለሰችለት ነው።

«ሜዳ ላይ መቶ ስድሳ መትተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«ሜዳ ላይ ማን ይለካል እትዬ?»

«በዓይንህስ?»

«እንጃ። ማሽኑ ካለ እንግዲህ…»

«መምህሩ ማሽኑን ምን ይለው ነበር?»

ዘመነ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ይስቅበት ነበር። ‹ዘሙ፣ ይሄ ነገር አንተን አያውቅህም› ይለኝ ነበር።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«አልጠየቅኩትማ።» አለቀሰ። «መቶ ስድሳ ብሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ። ማን ይጠይቃል?»

ከዚያ ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳኑ ሥር ብሩክታይት ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ድንኳኑ በር ላይ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። መምሬ ገላው ከወንዝ አስመርጠው ያስመጡት ነው፤ ዘመነ በጫንቃው ተሸክሞት የሚንበረከክበት።

«ብሩኬ፣ ወንድምሽን የሚጠላው ሰው ነበር?»

«የሺጥላ ዝቶበት ነበር። ከቡድኑ ሲያስወጣው ‹ገና ይምጣ፣ እንተያያለን› ብሎታል።» ጣቷን ነካካች፤ ቀለበቱ የነበረበትን። «ግን ምን ያደርጋል? የገደለው ታውቋል።»

«ዘመነ ነው ብለሽ አመንሽ?»

«ራሱ አምኗል። ማሽኑም ለክቶታል። እኔ ማን ነኝና?»

«ዘመነን የምታውቂውማ አንቺ ነሽ።»

የብሩክታይት ዓይን ድንጋዩ ላይ ነበር።

* * *

የሺጥላ ሸንቃጣ ነው፤ ምላሱም እንደ ቁመናው ነው። ፈንታነሽ ጣቢያ አልወሰደችውም። ሜዳው ላይ አቆመችው።

«ዝተህበታል።»

«ዝቻለሁ።»

«ገና መጣ፤ ሰውየው ሞተ።»

«ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሜዳ ውስጥ ነበርኩ! ለላይ ሰፈር ተሰልፌ! የታች ሰፈር ሕዝብ በሙሉ ሲሰድበኝ ነው የዋለው፤ አንቺም አይተሽኛል እትዬ።»

አይታዋለች። እውነቱን ነው።

«እሺ። ዘመነ እዚህ ጋ ቆሞ ወደ ባሕር ዛፉ መታ። አንተ ሩሩን ፈልገህ አምጣ ብትባል የት ትሄዳለህ?»

የሺጥላ አላሰበም። እጁን ኪሱ ከትቶ እያፏጨ ሄደና ዛፎቹ ከመጀመራቸው በፊት ያለው ቦይ ዳር ቆመ።

«እዚህ። ክንዱ የበረታ ቀን ከሆነ እዚህ። ካልሆነ ከዚህም በታች።»

«ሬሳው የተገኘው ከዚህ እጥፍ ርቆ ነው።»

«እሱን ሳይ እኔም ገርሞኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ብናገርስ ‹ቀንቶ ነው፣ የዘመነን ክንድ ለማሳነስ ነው› አትሉኝም ነበር?» ምራቁን እንትፍ አለ። «በዚያ ማሽን እኮ እኔም መቶ አርባ መትቻለሁ። እኔ! መምህር የኔሰው ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።»

ፈንታነሽ ቦዩ ውስጥ ወረደች። ሣሩን በእግሯ ገለጠች፤ በእጇም ገለጠች። ቦዩ ውስጥ፣ ግማሽ አካሉን ጭቃው ውስጥ አስገብቶ፣ አንድ ሩር ተቀምጧል።

አወጣችው። ወገቡ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቀለበት አለው።

«የጠራቢው ምልክት ነው» አለ የሺጥላ። «ለበዓሉ የተጠረቡት ሁሉ አላቸው።»

ጣቢያ ያለው፣ ከሬሳው አጠገብ የተገኘው ሩር፣ የተተኮሰ ምልክት የለውም። እሱን እሷ በደንብ ታስታውሳለች።

ከቦዩ ማዶ ቀና ስትል ደግሞ ሌላ ነገር አየች። የደረቀው ቅጠል ላይ ሁለት መስመር ወደ ጫካው ውስጥ ይሄዳል። የሰው ተረከዝ እየተጎተተ የሚያሰምረው ዓይነት። ሬሳውን ሊያይ የገባው ሕዝብ በሌላው በኩል፣ በእግር መንገዱ ስለገባ አልረገጠውም። ከመስመሩ መነሻ ላይ የመምህሩ ኮት ቁልፍ ወድቋል።

ፈንታነሽ ቁልፉን ይዛ ቆመች። ያ ደረቅ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ቋ! ከኋላዋ፣ ከቅርብ፣ ከዚሁ ቦይ አካባቢ። ከዚያ በኋላ ነው ሜዳው የጮኸው። ከዚያ በኋላ ነው ዘመነ የመታው።

የኔሰው የተመታው ሩሩ ከመነሣቱ በፊት ነው።

«እትዬ፣ ምነው መልክሽ ተለወጠ?» አለ የሺጥላ።

«ዝም በል። ለማንም እንዳትተነፍስ።»

* * *

ወደ ሞጣ የሚወስደው ሚኒባስ ጉንደ ወይንን ካለፈ በኋላ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ቆየ። ጉም ወርዶ ነበር። በመስኮቱ ገደሉ አይታይም፤ ባዶነቱ ብቻ ይታያል። የዘመነን ዱላ በጨርቅ ጠቅልላ ጉልበቷ መሃል ይዛለች።

የእዮብ አዳራሽ ዱሮ የእህል መጋዘን ነበር። ዛሬም የጤፍ አቧራ ይሸታል። ጨለማው ውስጥ ሸራው ብቻ ያበራል። ሸራው ላይ ሣር አለ፤ ሐይቅ አለ፤ ማንም ከሥራቸው ተኝቶ የማያውቅ ጥላማ ዛፎች አሉ። ሞጣ ላይ እንዲህ ያለ አረንጓዴ በክረምትም አይታይም።

«እንኳን ደህና መጡ ሳጅን» አለ እዮብ። ጎበዝ ነው፤ ንጹሕ ለባሽ። ዓይኑ ሥር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት አለ። «በመምህሩ በጣም ነው ያዘንኩት። ወዳጄ ነበር።»

«በገና ቀን ቢቸና ነበርክ?»

«ነበርኩ። ሜዳው ዳር ሆኜ ነው ያየሁት።»

«አሟሟቱን ለማጣራት ይሄን ዱላ ፈትሽልኝ።»

ፊቱ በራ። ይሄ ሥራው ነው። ከካርቶን ውስጥ ሩር አወጣ። ከትንሽ ወረቀት ላይ ደግሞ የምታብረቀርቅ ክብ ነገር ልጦ ሩሩ ላይ ለጠፈ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሣጥኑ ያለዚህ ኳሱን በደንብ አያይም። በዚህች ብልጭታ ነው የሚከተለው።»

«እስከ የት ይከተለዋል?»

«ከዚህ እስከ ሸራው።»

ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። «ከሸራው ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ራሱ ያሰላል።»

«ይገምታል ማለት ነው?»

«ያሰላል» አለ እዮብ። ድምፁ ትንሽ ጠነከረ። «አረብ አገር ትልልቅ ሰዎች ዱላ የሚመርጡት በዚህ ነው። ሲመቱ ቆሜ አይቻለሁ። ማሽኑ አይሳሳትም።»

መታ። መቶ አርባ ስምንት። «እኔ እንደ ዘመነ ክንድ የለኝም» አለና ፈገግ አለ።

ፈንታነሽ ከካርቶኑ አንዱን ሩር አንሥታ አገላበጠችው። የተተኮሰ ምልክት የለውም። አሮጌ ብልጭታ የተላጠበት ቦታ ላይ የሙጫ ክብ ቀርቶ አቧራ ይዟል። ጣቢያ ባለው ሩር ላይ፣ ከደሙ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ እንደዚህ ያለ ጥቁር ክብ አለ። ጭቃ መስሏት ነበር።

እንደ ዋዛ መለሰችው።

ያኔ መብራት ጠፋ። ሸራው ሞተ። እዮብ «ይቅርታ፣ ጄኔሬተሩን ላስነሣ» ብሎ በጓሮ ወጣ። ፈንታነሽ ጨለማው ውስጥ ጎንበስ አለች። ካልሲዋን አወለቀች፤ ጠቅልላ፣ እንደ ጨርቅ ኳስ አጥብቃ ቋጠረችው። ከወረቀቱ አንዷን ብልጭታ ላጠችና ለጠፈችበት።

ጄኔሬተሩ ጮኸ። ሸራው ነቃ። ሐይቁም ዛፎቹም ተመለሱ።

መታች። በሕይወቷ የገና ዱላ ስትሰነዝር የመጀመሪያዋ ነው።

ካልሲው ሸራውን ነክቶ ዱብ አለ። ሸራው ላይ ግን ነጭ ኳስ ወደ ሰማይ ተነሣ። ሐይቁን ተሻገረ። ዛፎቹን ተሻገረ። ሩቅ ቦታ፣ ለስላሳ ሣር ላይ አረፈ። መቶ አሥር ሜትር።

ማሽኑ ካልሲ መሆኑን አላወቀም። ሩር መሆኑንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎልፍ ኳስ። ብልጭ ያለችለትን ሁሉ የጎልፍ ኳስ አድርጎ ያበራታል።

የእዮብ ኮቴ ሲሰማ ካልሲውን ኪሷ ከተተች።

«ቢቸና ትመጣልኛለህ?» አለችው። «ሕዝቡ ሊታረቅ ነው። አንዳንድ ሽማግሌዎች ‹ሩር ያን ያህል አይሄድም› እያሉ አስቸገሩ። ማሽኑ ልክ መሆኑን ሜዳው ላይ አስረዳልን።»

እዮብ ትከሻውን አቀና።

«እመጣለሁ» አለ። «መስማት አለባቸው።»

* * *

ድንጋዩን ለመሸከም በተቀጠረበት ቀን ጠዋት ሜዳው ላይ ሰው ተሰበሰበ። መምሬ ገላው አሉ። ኮማንደሩ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ብሩክታይት ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ዘመነ ከእስር ቤት መጥቶ ዱላው ሲሰጠው ወደ ኋላ ሸሸ።

«አልመታም» አለ።

«ምታ!» አለችው ፈንታነሽ። «ደግሞ በሙሉ ኃይልህ። ለመምህርህ ብለህ።»

መታ። ሩሩ ጮኾ ተነሣና ከቦዩ ወዲህ ሣር ውስጥ ወደቀ።

«እስር ቤት ከርሞ ደክሞ ነው» አለ እዮብ ፈጥኖ።

ደግሞ መታ። ቦዩ አፋፍ።

«ነፋሱ ነው።»

ነፋስ አልነበረም። ባሕር ዛፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሺጥላ መታ፤ ከዚያም አነሰ። ሌሎቹ የታች ሰፈር ልጆች ተራ በተራ መቱ። ሩሩ ሁሉ ሣርና ቦይ ውስጥ ቀረ። ከሕዝቡ ጉምጉምታ ተነሣ።

«ሜዳው ነው!» አለ እዮብ። ላብ አጥምቆታል። «እዚህ ሜዳ ላይ… አመታታቸው… ማሽኑ አይዋሽም! እኔ ነኝ የማውቀው! በዓይኔ ነው ያየሁት፣ መቶ ስድሳ!»

ፈንታነሽ ካልሲውን ከኪሷ አወጣች። ብልጭታዋ አሁንም ተለጥፋለች።

«ይሄን ሞጣ ላይ መታሁት፣ እዮብ። ማሽንህ መቶ አሥር ሜትር አለኝ። በካልሲ።»

ወጣቶቹ መሃል የሚያስቅ ሰው አልጠፋም። የሳቀ ግን የለም።

እዮብ ካልሲውን አየው። ከዚያ ቦዩን አየ። ከቦዩ ተነሥቶ ዓይኑ ቀስ እያለ፣ ዛፍ ለዛፍ፣ ሬሳው እስከተገኘበት ድረስ ሄደ። ተመለሰ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የተናገረው ለማንም አልነበረም።

«ታዲያ… ቦዩ ዳር ብተወው ይበቃ ነበር?»

የዘመነ ዱላ መሬት ለቀቀ። የሺጥላ ከኋላ ባያቅፈው ኖሮ ከዚያው ሜዳ ሁለተኛ ሬሳ ይነሣ ነበር።

* * *

ጣቢያ ውስጥ እዮብ ምንም አልደበቀም። ሲናገር ግድግዳውን እያየ ነው።

«ዘጠኝ ዓመት የሰው ሣር አጭጄ ይዤ የመጣሁት ማሽኑን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ አከበሩኝ። ዱላቸውን ይዘው ከየአገሩ ሲመጡ፣ ‹እዮብ፣ የኔን እየው› ሲሉኝ…»

«መምህሩስ?»

«ካርቶኔን፣ ሩሮቼን ይዤ ነበር የመጣሁት፣ ቢቸናም ማሳየት እፈልግ ነበር። ባሕር ዛፉ ጋ ጠራኝ። ‹እዮብ፣ ማሽንህ የጎልፍ ኳስ እንጂ ሩር አያውቅም። በሱ ቁጥር ልጅ ቢመረጥ ግፍ ነው። ነገ ለመራጮቹ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ክፉ አይደለም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ዞረ። ጉጡ ድቡልቡል የሆነ የገና ዱላ በእጄ ነበር።»

መዳፉን አየ።

«ከዚያ ሕዝቡ ‹ዘመነ አሻገረው› ሲል ሰማሁ። ገና ሜዳ ላይ የሞተን ሰው ማንም አይጠይቅም፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ቦዩ ዳር ቅርብ ነው። የዘመነ ሩር ከዚያ በላይ ነው የሚሄደው ብዬ… በላዩ ያልፋል ብዬ… ጎትቼ ወሰድኩት። ከኪሴ አንዱን አወጣሁና ደሙን አስነክቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ።»

ፈንታነሽ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አነጋግራለች። እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። ሰውየውን የገደለው ማሽኑ ይዋሻል ስላለው ነው። ሬሳውን ወስዶ ያጋደመበት ደግሞ ያው ማሽን የነገረው ቦታ ነው። ባይጎትተው ኖሮ፣ ባለበት ቢተወው ኖሮ፣ ዘመነ ድንጋዩን ይሸከም ነበር፤ እሷም መዝገቡን ትዘጋ ነበር። በጨዋታ አደጋ የሞተ፣ ተብሎ።

* * *

ዘመነን ሲፈቱት ሰማዩ ዳምኖ ነበር። መምሬ ገላው ግንባሩን ሳሙት። ኮማንደሩ «እንግዲህ ወንድሜ…» ብሎ እጁን ጨበጠው። ፈንታነሽ ዱላውን ሰጠችውና እስከ ግቢው በር ሸኘችው።

ብሩክታይት በሩ ላይ ቆማለች። ጥቁሯን እንደለበሰች ነው።

«ዘሙ» አለች።

ቆመ።

«ድንጋዩን አስነሥቼዋለሁ። ወንዝ አስመልሼዋለሁ።» አንድ እርምጃ ቀረበች። «ቤት እንሂድ። ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው።»

እጇን ዘረጋች። ጣቷ ባዶ ነው። ዘመነ ጣቷን አየው፤ ብዙ አየው። እጁን ኪሱ ከተተ። ቀለበቱን ያወጣል ብላ ፈንታነሽ ጠበቀች። ብሩክታይትም ጠበቀች።

እጁ ባዶውን ወጣ።

ዱላውን ከግቢው በር አስደግፎ፣ እንዳይወድቅ አመቻችቶ አቆመው። ከመንገዱ ማዶ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ «ጉንደ ወይን! ሞጣ! የሞላ! የሞላ!» ይላል።

«ዘሙ? ወዴት ነው?»

«አንቺም እንደ ሰው ሁሉ ማሽኑን አመንሽ» አላት። መንገዱን ተሻገረና ገባ። ረዳቱ በሩን ስቦ ዘጋው።